ለጽሕፈትና ኮፒ ቤት የሚሆን ነጻ ኦፊስ የትኛው ነው? ሊብሬኦፊስ፣ ኦንሊኦፊስ እና ሌሎቹ፣ ከጅማ

መጀመሪያ መልሱን ልንገራችሁና የቸኮለ ይሂድ። የምትጽፉትም የምታስተካክሉትም ፕሪንት የምታረጉትም ራሳችሁ ከሆናችሁ ሊብሬኦፊስ ጫኑ፣ በቃ። ፋይላችሁ ከእጃችሁ ወጥቶ ዎርድ ያለው ሰው ጋ ሄዶ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ፣ ማለት አድቫይዘር፣ አለቃ፣ መስሪያ ቤት ምናምን፣ ኦንሊኦፊስን ከጎኑ ጨምሩበት። ስልክ ብቻ ያላችሁ ጎግል ዶክስ ይበቃችኋል። ክራክ የተደረገውን (ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይገዛ የሚጫነውን) ኦፊስ ግን "ነጻ" ብዬ አልቆጠርኩትም፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ታይፕ፣ ስካን፣ ላሚኔሽን፣ ባይንዲንግ፣ ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የሰርግ ካርድ፣ የእድር መዝገብ፣ ቴሲስ፣ ያልገባ ነገር የለም። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም ከኪቶ ፉርዲሳም (የቴክኖሎጂው ግቢ) ተማሪ ይመጣል፣ ከከተማው መርካቶ ነጋዴ ይመጣል፣ ቋንቋውም እንደዛው ነው፣ የቀበሌው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ፣ የእድሩ በአማርኛ፣ ቴሲሱ በእንግሊዝኛ። ሶስቱንም እኩል ያልቻለ ፕሮግራም ለኛ ስራ አይሆንም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሪቪዎች ደግሞ ስለ አማርኛ ፎንት አንድ ቃል አያወሩም፣ ለዛ ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት።

ዋጋውን ቶሎ እንለፈው። ማይክሮሶፍት 365 ፐርሰናል የሚባለው አሜሪካ ውስጥ በአመት 99.99 ዶላር ነው፣ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ ከ69.99 ነው ያሳደጉት። አንዴ ተገዝቶ የሚያልቀው ኦፊስ 2024 ሆም ደግሞ ሲወጣ ለአንድ ኮምፒውተር 149.99 ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄን በብር መምታት ራስ ያዞራል፣ ብሩ ቢገኝ እንኳ ክፍያው በውጭ ካርድ ነው የሚጠየቀው። ሶስት አራት ኮምፒውተር ላለው ኮፒ ቤት በገጽ እየተከፈለ ይሄን መመለስ ቀልድ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ሰው ክራክ ይጭናል፣ እናውቀዋለን። እኔ የሞራል ትምህርት ልሰጥ አይደለም (አዋጁ ግን አለ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጨምራል)። የኔ ነጥብ የስራ ነው። ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ የሚሏችሁ "አንቲቫይረሱን አጥፊው" ነው። አስቡት እስቲ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ አንቲቫይረስ አጥፍታችሁ ማን እንደሰራው የማይታወቅ ፕሮግራም በአድሚን ፈቃድ ታስገባላችሁ። ከዛ የደንበኛው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲመለስ "ያንቺ ማሽን ነው ያበላሸብኝ" ይባላል፣ ልክም ነው። ደግሞ ብዙ ቦታ ያለው ኦፊስ 2016 እና 2019 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ የሴኪዩሪቲ አፕዴት ቆሞበታል፣ ዊንዶውስ 10ም በዛው ቀን ነው መደበኛ ድጋፉ ያበቃው። ማለት ኦሪጅናሉን ገዝቶ የተቀመጠ ሰው ራሱ አሁን ሌላ ማሰብ አለበት።

እሺ ወደ ሊብሬኦፊስ። ስሙ ለብዙ ሰው አዲስ ነው እንጂ ዘሩ የቆየ ነው። ጀርመን አገር በ1985 (ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተጀመረ ስታር ዲቪዥን የሚባል ድርጅት ነበር፣ ስታርኦፊስን የሰራው፣ እሱን ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ገዝቶ ኮዱን ለህዝብ ለቀቀውና ኦፕንኦፊስ ሆነ። በ2010 ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል ከበጎ ፈቃደኛው ብዙ ክፍል ተገንጥሎ ሊብሬኦፊስን መሰረተ፣ አሁን የሚያስተዳድረው በርሊን ያለ ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። "የምር የሚጠቀምበት አገር አለ ወይ" ለሚል ሰው፣ ጀርመን ውስጥ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን የሚባለው ክልል 30,000 የሚሆን የመንግስት ኮምፒውተር ወደ ሊብሬኦፊስ እንደሚያዞር በ2024 አስታውቋል። እውነቱን ለመናገር የሙኒክ ከተማ ደግሞ ለአመታት በሊኑክስና በነጻ ኦፊስ ሰርታ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብላ ወስናለች፣ እና ለሁሉም ይስማማል አልልም።

ዳውንሎዱ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ አንዴ በፓኬጅ አውርዳችሁ በፍላሽ ለፈለጋችሁት ሰው ብትሰጡ ህጋዊ ነው፣ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ከሆነና ገና ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ላይ ካለ (ጅማ ውስጥ ስንት አለ መሰላችሁ) አዲሱን አታውርዱ፣ ከ25.8 ጀምሮ ያለው ስሪት ዊንዶውስ 10 እና ከዛ በላይ ነው የሚፈልገው፣ እናንተ 25.2ን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ድንጋጤ መልኩ ነው። ከኔ ጋ የምትሰራው ልጅ ስትከፍተው "ኧረ ሪበኑ የት ገባ?" አለች፣ እውነትም የድሮውን ዎርድ 2003 ነው የሚመስለው (ሪበን የሚባለው አዲሱ ዎርድ ላይ ከላይ በታብ የተደረደረው የቁልፍ መስመር ነው)። ቪው ውስጥ ገብታችሁ ዩዘር ኢንተርፌስ የሚለውን ስትከፍቱ ታብድ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ስትመርጡ ወደ ሪበን የሚጠጋ ነገር ይሆናል። ሜኑውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መቀየርም ይቻላል፣ ሁለቱም ትርጉም አለ፣ እኔ ግን በእንግሊዝኛው ነው የተውኩት ምክንያቱም "ሄደር ኤንድ ፉተር" ብሎ የለመደ እጅ በአማርኛ ሲያየው ይፈዛል።

ቀጥሎ ሳትውሉ ሳታድሩ የምትቀይሩት ነገር፦ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ ሴቭ፣ ጀነራል ውስጥ ግቡና ሁልጊዜ በዎርድ ዶክኤክስ ሴቭ እንዲያረግ አድርጉት። ካልሆነ በራሱ ኦዲቲ በሚባል ፎርማት ነው የሚያስቀምጠው። ኦዲቲ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከ2006 ጀምሮ የአይሶ ስታንዳርድ ነው፣ ግን ደንበኛው ሌላ ቦታ ወስዶ አልከፈትም ሲለው ስድቡ ለእናንተ ነው። እዛው አካባቢ ኦቶ ሪከቨሪ የሚለው በ10 ደቂቃ ነው ተሞልቶ የሚመጣው፣ ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ አርጉት። በክረምት መብራት ስንቴ እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፣ ፎንት።

"ሊብሬኦፊስ ፎርማት ያበላሻል" የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ውስጡ ሲገባ የፎንት ጉዳይ ሆኖ ነው የሚገኘው። ዎርድ ላይ በካሊብሪ የተጻፈ ነገር ካሊብሪ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመር ይሰበራል፣ መስመር ሲሰበር ገጽ ይገፋል፣ ገጽ ሲገፋ ማውጫው ይዋሻል። ለእንግሊዝኛው ሊብሬኦፊስ መድሃኒት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለካሊብሪ ካርሊቶ፣ ለካምብሪያ ካላዲያ፣ ለታይምስ ኒው ሮማን ሊብሬሽን ሰሪፍ፣ ስፋታቸው ከዋናው ጋር እኩል እንዲሆን ታስበው የተሰሩ ናቸው። ለአማርኛው ግን እንደዛ አይነት ነገር የለም። ኒያላን ውሰዱ፣ ግማሹ የአማርኛ ደብዳቤ በሱ ነው የሚጻፈው፣ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ፊቸር ሆኖ ወጣ፣ ሰው ካላወረደው የለም። ስለዚህ በኒያላ የተጻፈ አቤቱታ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይከፈትና ሁለት ገጹ ሶስት ይሆናል። ይሄ እኮ ዎርድም ላይ የሚሆን ነው! ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ጫኑ፣ ያልቃል።

እኔ አሁን በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ሁሉ ፊደልን በአንድ አይነት ኮድ የሚይዝበት ስርዓት) አማርኛ አዲስ ለሚጻፍ ነገር ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ነው የምጠቀመው፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ በፍላሽ ከፋይሉ ጋር አብሬ ብሰጥ ማንም አይጠይቀኝም። ሌላ መላ አለ፣ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንት የሚለው ውስጥ ኤምቤድ የሚለውን ስትመርጡ ፎንቱ ዶክዩመንቱ ውስጥ ተጭኖ ይሄዳል። ፋይሉ ይከብዳል ግን ዎርድም ሊብሬኦፊስም ላይ ሲከፈት ያው ነው።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚቸገርበት፦ ሊብሬኦፊስ የኢትዮጵያን ፊደል ኮምፕሌክስ ቴክስት ሌይአውት ከሚለው ምድብ ነው የሚቆጥረው፣ ከአረብኛና ከሂንዲ ጋር። ስለዚህ ዲፎልት ፎንትና ሳይዝ ስታስተካክሉ የላቲኑን ብቻ ቀይራችሁ አማርኛው እንቢ ካለ አትደነቁ፣ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ላንጉዌጅስ ውስጥ ኮምፕሌክስ የሚለውን ክፈቱና ለሱ ለብቻው ፎንትና ሳይዝ ምረጡለት። ስታይል ውስጥም እንደዛው ሁለት ቦታ አለ። አንዴ አስተካክሎ ቴምፕሌት አርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ከዛ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለ ጽሁፍ ላይ እንደውም ይመቻል፣ ሁለቱ በራሳቸው ፎንት ይሄዳሉ።

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ሌላ ታሪክ ናቸው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊትም ከዛም በኋላ ለብዙ አመት የተጻፉት ፋይሎች ውስጣቸው የላቲን ኮድ ነው፣ ላዩ ላይ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ ካለ ሊብሬኦፊስም በትክክል ያሳያል፣ ከሌለ የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው። የድሮ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የማህበር ቃለ ጉባኤ ይዞ ለሚመጣ ሰው ፎንቱን ከነፋይሉ እንዲያመጣ ንገሩት፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ከሆነ ሀሳቡ ደግሞ እንደገና ታይፕ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ለመጻፊያ ኪይማን ጫኑ፣ ነጻ ነው፣ የአማርኛ ኪይቦርዱም ነጻ ነው፣ ከሊብሬኦፊስም ከሌላውም ጋር ይሰራል።

የአፋን ኦሮሞ ነገር ደስ የሚል ነው። ቁቤው ላቲን ስለሆነ የፎንት ጣጣ የለበትም፣ ቀይ መስመሩን ብቻ አጥፉት አለዚያ ገጹ በሙሉ ስህተት ይመስላል። ማንም ሲናገርለት ያልሰማሁት ነገር ግን ወርድ ኮምፕሊሽን የሚባለው ነው፣ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ ውስጥ አለ። የጻፋችሁትን ረጃጅም ቃል ይሰበስብና ሁለተኛ ልትጽፉት ስትጀምሩ ቀድሞ ይጨርስላችኋል፣ ኢንተር መምታት ብቻ ነው። የቢሮ ደብዳቤ ላይ ቡልቺንሳ (አስተዳደር) የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጽፈው አስቡት፣ አናባቢው ሁለት ሁለት እየሆነ ፊደሉ ስንት ነው። ለታይፒስት ይሄ ፊቸር ብቻውን ሊብሬኦፊስን ያስጭናል ባይ ነኝ።

ቴሲስ ላይ ልምጣ፣ የገቢያችን ወሳኝ ወቅት እሱ ስለሆነ። ራይተር (የዎርዱ ምትክ ማለት ነው) ለረጅም ጽሁፍ ከዎርድ አያንስም፣ እኔ እንደውም ይሻላል እላለሁ። ሄዲንጉን በስታይል ከሰራችሁት ማውጫው፣ የቴብል ዝርዝሩ፣ የፊገር ዝርዝሩ በአንድ አፕዴት ይስተካከላል። የሚያስቸግረው የገጽ ቁጥሩ ነው። ከፊት ያሉት ገጾች በሮማን ቁጥር፣ ከኢንትሮዳክሽን ጀምሮ በ1 2 3 የሚለውን ዎርድ ላይ በሴክሽን ብሬክ ነው የለመድነው፣ ራይተር ላይ በፔጅ ስታይል ነው። ኢንሰርት፣ ሞር ብሬክስ፣ ማኑዋል ብሬክ፣ ፔጅ ብሬክ ብላችሁ እዛው ላይ የሚቀጥለውን ስታይል ትመርጣላችሁ ከዛ ቁጥሩ ከ1 ይጀምር ትሉታላችሁ። አንዴ ሎጂኩ ከገባ ከሴክሽን ብሬክ ይልቅ የጠራ ነው፣ እስኪገባ ግን ያናድዳል፣ አልዋሽም።

ሪፈረንስ ላይ ዞቴሮን (ማጣቀሻ የሚሰበስብና የሚደረድር ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ተማሪዎች ችግር የለባችሁም፣ ከራይተርም ከዎርድም ከጎግል ዶክስም ጋር ይሰራል፣ ነጻ ነው። ሜንዴሌይ ሳይት የሚባለው አዲሱ ግን ለዎርድ ነው የተሰራው፣ እሱን ከለመዳችሁ ወይ ወደ ዞቴሮ ዙሩ ወይ ዎርድ ላይ ቆዩ። ሳይቴሽኑ ፋይሉ ውስጥ እንደ ኮድ ስለሚቀመጥ ፋይሉን በየፕሮግራሙ እያዟዟራችሁ አትክፈቱት።

የማዟዟሩ ነገር ራሱ ዋናው የሊብሬኦፊስ ድክመት ነው። አድቫይዘሩ ዎርድ ላይ ኮሜንትና ትራክ ቼንጅ አርጎ ይልካል፣ ራይተር ይከፍተዋል፣ ኮሜንቱም ይታያል መልስም መጻፍ ይቻላል፣ ግን ሶስቴ አራቴ ሲመላለስ ቴክስት ቦክሱ ይንሸራተታል፣ ስማርት አርቱ ምስል ሆኖ ይቀራል፣ የቴብሉ መስመር ይወፍራል። አንዱን ፎርማት ከፍቶ ወደ ራሱ አስቦ መልሶ በሌላው ማስቀመጥ ብርን ወደ ዶላር መንዝሮ ደግሞ ወደ ብር እንደመመለስ ነው፣ በየምንዛሬው ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። "እህቴ፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም" የሚል ተማሪ ፊት ላለመቆም ቴሲሱ ወይ መጀመሪያም መጨረሻም ራይተር ላይ ይሰራ፣ ወይ ኦንሊኦፊስ ላይ። ለፕሪንት ደግሞ ፒዲኤፍ ብቻ። ሊብሬኦፊስ ላይ ፒዲኤፍ ማድረጊያው አንድ ቁልፍ ነው፣ ፓስወርድም ገጽ መምረጥም አለው።

ካልክ፣ የኤክሴሉ ምትክ፣ ለነጋዴ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ቡና የሚሰበስቡ ሀጂ ደንበኛ አሉኝ፣ በየቀኑ የገዙትን ጀንፈል በኪሎ አስመዝግበው ወደ ፈረሱላ (17 ኪሎ ነው መቼም) እየተቀየረ በየአቅራቢው እንዲደመርላቸው ይፈልጋሉ።

"ልጄ፣ ይሄ ኤክሴል ነው?"

"አይ ሀጂ፣ ካልክ ይባላል፣ ነጻ ነው።"

"ስሙን ተይው፣ ይደምራል ወይ?"

ይደምራል። ፒቮት ቴብል ይሰራል፣ ኤክስሉክአፕ የሚባለውና ፊልተር፣ ሶርት፣ ዩኒክ የሚባሉት ፎርሙላዎች ከ24.8 ስሪት ጀምሮ ገብተውበታል፣ ረድፉም እንደ ኤክሴል 1,048,576 ነው። የፔሮል ሺት ከነጡረታው 7 እና 11 ፐርሰንት፣ ከነኢፍ ፎርሙላው፣ ከኤክሴል አምጥተን ስንከፍት ልክ ነው የሚመጣው። የማይሆነው ማክሮ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ስራውን በራሱ የሚሰራው ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። የተወሰነ የኤክሴል ማክሮ ያስኬዳል ግን ቁልፍ ስትነኩ ፎርም የሚከፍት አይነት ትልቅ ፋይል ላይ አትመኑት። ከሌላ ፋይል ዳታ ሰብስቦ የሚያስገባው ፓወር ኩየሪም የለውም።

ሰርተፍኬትና የሰርግ ካርድ ላይ ስም ከዝርዝር እያወጣ የሚያትመው ሜይል መርጅ አለው፣ አሰራሩ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ የስም ዝርዝሩን መጀመሪያ ዳታ ሶርስ ብሎ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ዎርድ እዚ ላይ ይበልጠዋል። ኢምፕረስ፣ የፓወርፖይንቱ፣ ይሆናል፣ ለዲፌንስ ስላይድ ይበቃል፣ አኒሜሽን ያበዛ ሰው ግን አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ ይሞክረው። ድሮው (Draw፣ የስዕሉ ፕሮግራም) የሚባለው ደግሞ ፒዲኤፍ ከፍቶ ፊደል ማረም ይችላል፣ ቴብል የበዛበት ከሆነ ይበታተናል እንጂ ሲቪ ላይ ስልክ ቁጥር ለመቀየር ያህል ደህና ነው።

ኦንሊኦፊስ አጭር ነው ታሪኩ። ላትቪያ ሪጋ የተመሰረተ ድርጅት ነው የሚሰራው፣ የዴስክቶፑ ፕሮግራም ነጻ ነው። ከመጀመሪያው የዎርድና የኤክሴልን ፎርማት የራሱ ፎርማት አርጎ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ያ የመመንዘር ነገር ይቀንሳል፣ ሪበኑም ቁርጥ ዎርድን ነው፣ ለአዲስ ሰራተኛ ማስተማር የለ ምን የለ። ከ2024 ወዲህ ፒዲኤፍም ያርማል። የሚጎድለው ጥልቀት ነው፣ የራይተር አይነት ፔጅ ስታይል የለውም፣ ያ ቃል የሚጨርሰው ነገር የለውም። ስለዚህ እኔ ሁለቱንም ነው የጫንኩት፣ የኛው ታይፕ በራይተር፣ ከውጭ መጥቶ ተስተካክሎ የሚመለስ ዶክኤክስ በኦንሊኦፊስ። ፎንት ከሌለ ግን እሱም ያው ነው፣ ኒያላን ከባዶ አይፈጥራትም።

ደብሊውፒኤስን ሁሉም ተማሪ ስልኩ ላይ አለው፣ ኪንግሶፍት የሚባል የቻይና ኩባንያ ከ1988 ጀምሮ የሚሰራው ነው። ለስልክ ጥሩ ነው፣ ያምራል፣ ከዎርድ ጋርም ይግባባል። ነጻው ግን ማስታወቂያ አለው፣ አንዳንዱን የፒዲኤፍ ስራ ደግሞ "ፕሪሚየም" ብሎ ይዘጋዋል፣ ደንበኛ ፊት ለሚሰራ ኮምፒውተር አልመክረውም። ኮዱም ክፍት አይደለም፣ ዛሬ ነጻ የሆነው ነገ ላይሆን ይችላል።

ኦፕንኦፊስን ተጠንቀቁ። ሰው "ነጻ ኦፊስ" ሲባል ስሙን ስለሚያውቀው እሱን ያወርዳል፣ አሁንም አለ፣ አፓቼ የሚባል ድርጅት ጋ ነው፣ ግን 4.1 ከወጣ ከ2014 ጀምሮ እዛው 4.1 ላይ ጥገና ብቻ እየተደረገለት ነው፣ ዶክኤክስ ይከፍታል ሴቭ ማድረግ ግን አይችልም። ከሱ የተገነጠለው ሊብሬኦፊስ እያለ እሱን የምታወርዱበት ምክንያት የለም።

ጎግል ዶክስ ለግሩፕ አሳይመንት የሚወዳደረው የለም፣ አምስት ልጅ በአንድ ፋይል ላይ እየጻፈ "ማን ነው ያጠፋው" የሚለው ክርክርም በቨርዥን ሂስትሪው ይፈታል። 15 ጊጋ ቦታ ይሰጣል፣ ከጂሜልና ከፎቶው ጋር የሚካፈል ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ኦፍላይን ይሰራል ግን ቀድማችሁ ክሮም ላይ ካበራችሁት ብቻ። አማርኛ ታይፕ የማይችል ሰው ደግሞ ስልኩ ላይ ጎግል ዶክስ ከፍቶ ጂቦርድ ላይ ማይኩን ነክቶ ይናገር፣ ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምጽ ይጽፋል። አቤቱታቸውን ቃል በቃል እየነገሩን የምንጽፍላቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው ተናግረው ሲመጡ እኛ ነጥቡንና ፊደሉን ማረም ብቻ ይቀረናል፣ ለነሱም ዋጋው ይቀንሳል። የፓራግራፍ አሰራሩና የአማርኛ ፎንት ምርጫው ግን ቀጭን ነው፣ ለመጨረሻው ፕሪንት ወደ ኮምፒውተር አውርዱት። የማይክሮሶፍትም የኢንተርኔቱ ዎርድ አካውንት ላለው ሰው በነጻ ነው፣ 5 ጊጋ ቦታ ጋር፣ ዶክኤክስ ፎርማቱ በትክክል ምን እንደሚመስል ለማየት እኔ አንዳንዴ እዛ ከፍቼ አመሳክራለሁ። ፓኬጅ ግን ይበላል።

ፍላሽ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሊብሬኦፊሱን፣ ሁለቱን የአማርኛ ፎንትና ኪይማንን አንድ ፎልደር አርጌ እቀዳለታለሁ፣ አላስከፍልም። ሱቅ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ግን በገንዘብ የተገዛ ኦፊስ አስቀምጫለሁ፣ ማክሮ ያለው የኦዲትና የሪፖርት ፎርም ይዘው የሚመጡ የመስሪያ ቤት ሰዎች ስላሉ። እናንተ ጋ እንደዛ አይነት ደንበኛ ከሌለ አትግዙት።